ፓርኪንሰን ከአንጀት ከጀመረ አንጀትን በማከም ይድናል ወይ?

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፓርኪንሰን ነው ተብለው ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የሆድ ድርቀት ነበረባቸው፤ በእንቅልፋቸውም ይጮኹና ይራገጡ ነበር። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሽታው ከአንጀት ባክቴሪያ እንደሚነሳ አንብቦ ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያሉባቸው ውድ የፕሮባዮቲክ እንክብሎች ልኮልናል። አንድ የባህል መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ደግሞ አንጀታቸው ከታጠበና የሰውነት መከላከያቸው ከተጠናከረ በሽታው ይለቃቸዋል፣ የሐኪሙን ክኒን ቀስ በቀስ ይተዉት ብሎናል። እውነቱን ለመናገር ክኒኑ አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ አይሠራላቸውም። በደም ምርመራም የጨጓራ ባክቴሪያ አለባቸው ተብሏል። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ የሐኪሙ ክኒን አይቆምም፤ በአንድ ጊዜም ሆነ «ቀስ በቀስ» በሚል ምክር። ሌቮዶፓ ለዓመታት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቋርጠው ሰውነቱ እንደ እንጨት ሊገተር፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ አእምሮው ሊምታታ ይችላል። ይህ አዘውትሮ የሚያጋጥም ባይሆንም ሲያጋጥም ሕይወት ያሳጣል። የቀረው ጥያቄዎ ረጋ ብለን የምንመለከተው ነው።

ወንድምዎ ያነበቡት ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም። የተሳሳተው ከንባቡ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። በሽታ ከአንጀት መነሳቱና መድኃኒቱም እዚያው አንጀት ውስጥ መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ እውነት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ፣ ሁለተኛው ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።

በሽታው በስሙ የተጠራለት እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስድስት ሰዎችን ተመልክቶ በጻፈው ድርሰት ውስጥ ከመንቀጥቀጡና ከጎበጠው አካሄድ ጋር የአንጀትን መፍዘዝ መዝግቧል። ከዚያ በኋላ ግን ድርቀቱ ለረጅም ጊዜ የእርጅና ወይም የመድኃኒት ጣጣ ተደርጎ ቸል ተባለ። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ የሟቾችን አንጎል እያሳሱ በመቁረጥ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ፣ አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን እየተጣበቀ የሚፈጥረው ጓል ቀድሞ የሚታየው እንቅስቃሴን በሚመራው የመካከለኛው አንጎል ክፍል ሳይሆን ከዚያ በታች፣ ቫገስ የተባለው ነርቭ በሚነሳበት ቦታና በማሽተት ነርቭ አካባቢ መሆኑን አመለከቱ። ቫገስ ከራስ ቅል ወጥቶ በአንገት በኩል እየወረደ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራንና አንጀትን የሚያዳርስ ረጅም ነርቭ ነው፤ ከክሮቹም አብዛኞቹ ትእዛዝ ወደ ታች የሚያወርዱ ሳይሆኑ የሆድን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ናቸው። ብራክ ከዚህ ተነስቶ የበሽታው ቀስቃሽ በአንጀት በኩል ገብቶ በዚህ ነርቭ ላይ እየተንፏቀቀ ይወጣል የሚል መላምት አቀረበ።

መላምቱን የሚፈትን አጋጣሚ ከቀዶ ሕክምና ታሪክ ተገኘ። የጨጓራ ቁስል በክኒን መታከም ሳይችል በፊት ሐኪሞች አሲዱን ለመቀነስ ይህንኑ ነርቭ ይቆርጡ ነበር። በዴንማርክና በስዊድን የእነዚህ ሰዎች መዝገብ ለዓመታት ሲፈተሽ፣ የነርቩ ግንድ የተቆረጠላቸው ሰዎች በኋላ ላይ ፓርኪንሰን የያዛቸው ከሌላው ሕዝብ በመጠኑ ባነሰ ቁጥር ነበር፤ ቅርንጫፉ ብቻ በተቆረጠላቸው ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ይህ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ ነርቩ ከተቆረጠላቸው መካከልም በበሽታው የተያዙ አሉ። ዛሬ በዴንማርክ የኦርሁስ ተመራማሪዎች የሚያራምዱት አስተሳሰብ በሽታው ሁለት መንገድ አለው የሚል ነው፤ በአንዳንዱ ሰው ከሆድ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሌላው ከአንጎል ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። የአባትዎ ታሪክ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ድርቀቱ ከመንቀጥቀጡ በብዙ ዓመት መቅደሙ የተለመደ ነው። የሌሊቱ ጩኸትና መራገጥም የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል መዛል የሚገባው ጡንቻ ሳይዝል ሲቀር ሰው ሕልሙን በአካሉ ይተውናል፣ ይህም የፓርኪንሰንና ከእሱ ጋር የሚቀራረቡ በሽታዎች የታወቀ ቀዳሚ ምልክት ነው። በዚህ አጋጣሚ ሌሎች አንባቢዎች እንዳይደነግጡ፦ ድርቀት ያለበት ሰው ሁሉ ወደ ፓርኪንሰን አይሄድም፤ እጅግ የሚበዙት በጭራሽ አይያዙም።

ባክቴሪያዎቹ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገቡት በሦስት በር ነው፤ በነርቩ፣ ከምግብ በሚሠሯቸው ንጥረ ነገሮችና በሰውነት መከላከያ ሥርዓት። ስለ እነሱ ከሚነገረው ብዙው የተጋነነ ስለሆነ አስቀድሞ ጥቂት ማረም ያስፈልጋል። በሰውነታችን ውስጥ ባክቴሪያ ከራሳችን ሴል አሥር እጥፍ ይበልጣል የሚለው ቁጥር ማንም በትክክል ቆጥሮት አያውቅም ነበር፤ የእስራኤልና የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሲያሰሉት 70 ኪሎ በሚመዝን ጎልማሳ ውስጥ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያና 30 ትሪሊዮን የሰው ሴል አገኙ፣ ማለትም ተቀራራቢ ናቸው፣ የባክቴሪያዎቹ ክብደትም እንደሚባለው ሁለት ኪሎ ሳይሆን 200 ግራም ገደማ ነው። ሌላው «ሴሮቶኒን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ስለሆነ አንጀት ሲስተካከል አንጎል ይስተካከላል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ነገር ግን የአንጀቱ ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም፤ ሥራው እዚያው አንጀትን ማንቀሳቀስ ነው፣ አንጎል የሚያስፈልገውን ለራሱ ይሠራል።

ከሦስቱ በሮች ሰፊው የመከላከያ ሥርዓቱ ነው፤ የባህል ሐኪሙም ይበልጥ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ብዙ የመከላከያ ሴሎች ይኖራሉ፤ ምክንያቱም ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሰፊው ከሚገናኝባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው፣ መካከላቸው ያለውም አንድ ረድፍ ሴልና በላዩ የተቀባ ንፍጥ ብቻ ነው። ይህ ረድፍ የሚበላው ምግብ በከፊል ባክቴሪያዎች ሠርተው የሚያቀርቡለት ነው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሠር እያብላሉ ቡቲሬት የተባለ አጭር የቅባት አሲድ ይሠራሉ፤ ቡቲሬት የአንጀትን ሽፋን ይመግባል፣ የመከላከያ ሴሎችንም ያረጋጋል። አሠሩ ሲጠፋ ወይም ቡቲሬት ሠሪዎቹ ሲመነምኑ ሽፋኑ ይሳሳል፣ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ የመከላከያ ሴሎቹም ይቆጣሉ። ቁጣቸው በደም የሚጓዙ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃል፤ አንጎል ውስጥ የሚኖሩት ማይክሮግሊያ የተባሉ የመከላከያ ሴሎችም ይህን ወሬ ይሰማሉ። ያለ ምንም ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ማይክሮግሊያቸው ያልበሰለና ለበሽታ መልስ የማይሰጥ ሆኖ መገኘቱ፣ የአጭር ቅባት አሲዶቹ ሲሰጣቸውም መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል።

በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው ሙከራ ከሁሉም በላይ ሲጠቀስ ይኖራል። አልፋ ሲኑክሊን በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦች ከባክቴሪያ ነፃ ሆነው ሲያድጉ እንቅስቃሴያቸው ብዙም አልተበላሸም፤ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን የጤነኞች ባክቴሪያ ከተሰጣቸው ይልቅ ባሰባቸው። በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የካሊፎርኒያ ባልደረቦቻቸው፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ደም ውስጥ አልፋ ሲኑክሊንን እንደ ባዕድ የሚያዩ ቲ ሴል የተባሉ የመከላከያ ሴሎች መኖራቸውን አሳዩ። የአንጀት ግድግዳ ለረጅም ጊዜ የሚቆጣበት በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ ይላል። እንግዲህ በዚህ በሽታ ውስጥ የመከላከያ ሥርዓቱ ደክሞ ሳይሆን ያለቦታው ነቅቶ ነው የሚያስቸግረው፤ ዘበኛው ቤተሰቡን ከሌባ መለየት ካቃተው ሌላ ዱላ መጨመር አይረዳም። መከላከያ እንደ ጎተራ የሚሞላና የሚጎድል ነገር አይደለምና «የሚያጠናክር» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም ሆነ ሽሮፕ ምን እንደሚያጠናክር ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ገደቡን መናገር ግዴታዬ ነው። በታማሚዎች ሰገራ ውስጥ ቡቲሬት ሠሪዎቹ አንሰው መገኘታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ ይህ ግን ምክንያት ይሁን ውጤት ገና አልተለየም። ድርቀት ራሱ፣ ሰገራ በአንጀት ውስጥ በመቆየቱ ብቻ፣ የባክቴሪያውን ስብጥር ይለውጣል፤ የፓርኪንሰን መድኃኒቶችም ይለውጡታል። በመጀመሪያዎቹ የፊንላንድ ጥናቶች በታማሚዎች ላይ አንሶ የተገኘው ፕሬቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ እህልና አሠር በብዛት በሚመገብ ሕዝብ አንጀት ውስጥ ሞልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የአባትዎን ሰገራ ወደ ውጭ ልኮ «የባክቴሪያ ካርታ» ማሠራት፣ ጤፍና ሽሮ ሲበላ የኖረን ሰው በአውሮፓዊ ልክ መለካት ነው፤ የሚመጣው ባለቀለም ሪፖርት ሕክምናውን በምንም አይለውጠውም፣ ገንዘቡን አያውጡበት።

የጤነኛ ሰው ሰገራ ወደ ታማሚ አንጀት የማዛወር ሕክምናም ተሞክሯል። በቤልጂየም የጌንት ሐኪሞች በ46 ሰዎች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ በእንቅስቃሴ ላይ መጠነኛ መሻሻል አይተዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፊንላንድ ሙከራ ደግሞ በስድስት ወር ምንም ልዩነት ሳያገኝ፣ የሆድ ችግር ግን በብዛት መዝግቧል። ሁለት ትናንሽ ሙከራዎች፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2019 በደንብ ካልተመረመረ ሰገራ በተላለፈ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ አንድ ሰው መሞቱን አስታውቋል። ከምርምር ተቋም ውጭ ይህን እናደርጋለን የሚል ካለ ይራቁት።

የአንጀት ባክቴሪያ አንጎልን እንደሚነካ፣ አንጀትን በማከምም አንጎልን ማዳን እንደሚቻል ያለ ጥርጥር የተረጋገጠበት በሽታ ግን አለ፤ እሱም ሌላ ነው። ጉበቱ የተጎዳ ሰው የአንጀት ባክቴሪያ የሚያመርተውን አሞኒያ ማጣራት ሲያቅተው አሞኒያው ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውዬው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ለዚህ የሚሰጠው ላክቱሎዝ የተባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው፤ አንዳንዴም ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም የማይገባ ሪፋክሲሚን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ይታከልበታል። በሕክምና ዘመኔ ካየኋቸው ደስ ከሚያሰኙ ነገሮች አንዱ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ሆዱ በሽሮፕ ከተከፈተ በኋላ ተነስቶ የልጆቹን ስም ሲጠራ ማየት ነው። ይህን የማነሳው ለመለኪያ ነው። እዚያ መርዙ ይታወቃል፣ መንገዱ ይታወቃል፣ ሲወገድ ሕመሙ ይለቃል። በፓርኪንሰን ግን መንቀጥቀጡ ሲጀምር፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል መልእክተኛ የሚሠሩት ሴሎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ አንጀትን ማጠብ የሞተ ሴል አያስነሳም።

ስለ ማጠቡ ካነሳን፦ የአገራችን ኮሶና እንቆቆ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት የተለመዱ ነበሩ፣ ለዚያም ምክንያት ነበራቸው። በሽታን ሁሉ በተቅማጥ ማስወጣት ግን ሌላ ሐሳብ ነው፤ ለአባትዎም በተለይ አደገኛ ነው። ፓርኪንሰን ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊትን የሚጠብቀውን ነርቭ ስለሚጎዳ ብዙ ታማሚዎች ቀድሞውንም ሲቆሙ ያዞራቸዋል፤ በተቅማጥ ውኃና ጨው ከወጣ በኋላ ወድቆ የዳሌ አጥንት መስበር ቅርብ ነው።

አሁን አንጀት ለአባትዎ በእርግጥ ወደሚጠቅምበት ነገር እንምጣ፤ የክኒኑ ጉዳይ ነው። ሌቮዶፓ የሚመጠጠው በጨጓራ ሳይሆን በቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዚህ በሽታ ጨጓራ ስለሚሰንፍ ክኒኑ እዚያ ሳይደርስ ጨጓራ ውስጥ ይቀመጣል። ደርሶም ቢሆን ወደ ደም የሚገባበት በር ፕሮቲን ሲፈጭ ከሚወጡት አሚኖ አሲዶች ጋር አንድ ስለሆነ በአንድ ላይ ሲመጡ ይጋፋሉ። ከምሳ በኋላ አለመሥራቱ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን የበዛባቸው ናቸው፣ ስለዚህ የጾም ምሳም ችግሩን አያስቀረውም። ክኒኑን ከምግብ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከተቻለም አንድ ሰዓት ቀድመው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይውሰዱት፤ ካመለጣቸው ከበሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተው። ካቅለሸለሻቸው ትንሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ፕሮቲኑን ግን አይቀንሱባቸው፤ በዚህ በሽታ መክሳት ራሱ ጠላት ነው። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ከሌቮዶፓው ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ፣ ብረቱ ይዞ ያስቀረዋልና።

ባክቴሪያም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ኢንትሮኮከስ ፌካሊስ የተባለ የአንጀት ነዋሪ ሌቮዶፓን ገና ሳይመጠጥ ወደ ዶፓሚን እንደሚለውጠው፣ ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ እንዳይለወጥ አብሮ የሚሰጠው ካርቢዶፓም ይህን የባክቴሪያ ኤንዛይም እንደማይገታው እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል። ግሩም ግኝት ነው፤ ነገር ግን ገና ወደ ሕክምና ክፍል የገባ መድኃኒት አልወጣለትም፣ ስለዚህ ፀረ ባክቴሪያ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ስሕተት ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ የተባለውን ኤች ፓይሎሪንም በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። በደም የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በሽታው አሁን መኖሩን የሚናገረው የሰገራ ምርመራ ነው። በማሌዥያ ታማሚዎችን በዕጣ ከፍሎ በተሠራ ሙከራ ደግሞ ባክቴሪያውን ማጥፋት የፓርኪንሰንን ምልክቶች አላሻሻለም። አባትዎ የጨጓራ ሕመም ወይም ቁስል ካለባቸው ለጨጓራቸው ሲባል ይታከሙ፤ ለመንቀጥቀጡ ተብሎ ግን አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ የማሳስበው ስለ ፕላሲል ነው። ሆድ ሲረበሽ ወይም ሲያስመልስ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ይህ መድኃኒት፣ ትክክለኛ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። የፓርኪንሰን ታማሚ በፕላሲል መርፌ በአንድ ቀን ውስጥ ከአልጋ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚንና እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ዶምፔሪዶን ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ የተሻለ አማራጭ ነው፤ የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም አይሰጥም።

የባቄላን ነገር ሳይጠይቁኝ አነሳዋለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው መንገሩ አይቀርም። ባቄላ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው፤ ንጥረ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ማርከስ ጉገንሃይም በተባለ ኬሚስት ከባቄላ ነው። በብዛት የሚገኘው በእሸቱና በለጋ ቅርፊቱ እንጂ በደረቁና በተፈጨው አይደለም፤ መጠኑም ከእሸት እሸት ስለሚለያይ በእሱ መድኃኒት መተካት አይቻልም። አባትዎ በእሸት ወቅት ጠግበው ሲበሉ ሰውነታቸው ያለፈቃዳቸው የሚወዛወዝ ከሆነ ምክንያቱን ያውቁታል።

ለድርቀቱ የሚደረገው ሕክምና ብዙም ዝና የለውም፣ ግን ጥቅሙ ይታያል፤ ሆድ በጊዜው ሲንቀሳቀስ ክኒኑም በጊዜው ይደርሳል። መጀመሪያ ድርቀቱን የሚያባብስ መድኃኒት መኖሩ ይታይ፤ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ብዙዎች አርቴን የሚሉት፣ እና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን አንጀትን ያደርቃሉ፣ በአዛውንት ላይም የማስታወስ ችሎታን ያደክማሉ። ልባቸውና ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ውኃ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ ይጠጡ። ተልባ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ከነልጋጉ ጠዋት ቢጠጣ ጥሩ ነው፣ ውኃ ካልበዛበት ግን ራሱ ይደፍናል፣ ከክኒኑም በሁለት ሰዓት ይራቅ። እንጀራን በተመለከተ፣ የእርሾው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ስለሚሞት እንደ ፕሮባዮቲክ አይቆጠርም፤ የጤፉ አሠር ግን ለአንጀት ባክቴሪያ ምግብ ነው፣ ጥቅሙም እሱ ነው። ይህ ካልበቃ ማክሮጎል የተባለው ዱቄት በፋርማሲ ከተገኘ ይመረጣል፣ ካልተገኘ ላክቱሎዝ፤ ሰናመኪ ለጥቂት ቀናት እንጂ ለዘወትር አይሁን። ከቁርስ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃ በዚያ ሰዓት፣ እግራቸውን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ አድርገው፣ ሳይቻኮሉ ይቀመጡ።

ወንድምዎ የላኩት እንክብልም ቦታ ያለው እዚህ ነው። የማሌዥያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሌላ ሙከራ፣ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ያሉበት እንክብል ለአራት ሳምንት የወሰዱ የፓርኪንሰን ታማሚዎች በሳምንት በአማካይ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ያህል ያለ ሆድ ማለስለሻ መጸዳዳት ችለዋል። ለድርቀት ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ ጥቅም ነው፤ በሽታውን ያዘገያል የሚል ማስረጃ ግን የለም። የተላከው ቀኑ ካላለፈ ለአንድ ወር ይሞክሩት፣ ሆዳቸው ካልተሻሻለ ይተዉት፣ ሌላ አያስልኩ። ወንድምዎ ገንዘብ መላክ ከፈለጉ ለፊዚዮቴራፒ ይሁን፤ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ላብ የሚያወጣ እርምጃና የሚዛን ልምምድ ለእንቅስቃሴያቸውም ለአንጀታቸውም ከየትኛውም እንክብል ይበልጥ የተፈተነ ነው።

ስለ ጾምም መናገር አለብኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚቆዩ ታማሚዎች የጠዋቱንና የቀትሩን ክኒን ይዘላሉ፣ ውኃም ስለማይጠጡ ድርቀታቸው ይከፋል። ክኒኑና ውኃው በሰዓቱ ይወሰድ፤ አባትዎ ይህ ከከበዳቸው ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ አባት አላጋጠመኝም። ሥጋና ወተት ለረጅም ጊዜ የማይነኩ ከሆነ ወይም ኦሜፕራዞል ዘወትር የሚወስዱ ከሆነ የቫይታሚን ቢ 12 መጠናቸው ይለካ፤ ጉድለቱ እግርን ያደነዝዛል፣ ማስታወስን ያዳክማል፣ በፓርኪንሰንም ይሳበባል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው የሚያሳዩት አንድ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ለአንድ ሳምንት ክኒን የወሰዱበትን ሰዓት፣ የበሉበትን ሰዓት፣ ሰውነታቸው የተፈታበትንና የታሰረበትን ሰዓት፣ የተጸዳዱበትን ቀን ይመዝግቡ። በሰዓቱ ማስተካከያ ብቻ ካልተሻሻሉ ሐኪሙ መጠኑን ወይም የሚሰጥበትን ጊዜ ይለውጣል፤ ይህን ውሳኔ ለብቻዎ አይወስኑ። ሆዳቸው ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም ማለፍ ካቆመ፣ በተለይ ማስመለስ ከታከለበት፣ የሆድ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ድርቀት የቆየባቸው አዛውንት ወንዶች ላይ ትልቁ አንጀት የሚጠማዘዝበት ሕመም በአገራችን ብዙ ነውና ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ስትሄዱ የክኒኑን ዕቃና የሚወሰድበትን ሰዓት የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ በላዩም በትልቁ «ፕላሲል አይሰጥ» ብላችሁ ጻፉበት።